መርከብ ሠሪው ደራሲ ይቭጌኒ ዛምያቲን

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሁለት ነገር ይሻል። አንደኛው ከወገኑ ጋራ አብሮ መቆም ነው፤ ሁለተኛው በገዛ አእምሮው ማሰብ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የመጀመሪያውን እንዳንዘነጋ ያስተምረናል። ነገር ግን ክሮቹ አንድ በአንድ ብርቱ ካልሆኑ፣ ድሩ ቢያብርም አንበሳውን ይቅርና ጥጃ እንኳ አያስርም። ስለዚህ ኅብረት የሚጸናው እያንዳንዱ ሰው ራሱን ችሎ ሰው ሲሆን ነው። ይህን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብበት፣ ሲጽፍበትና መከራ ሲቀበልበት የኖረ አንድ የሩስያ ሰው ነበረ፤ እርሱም ይቭጌኒ ዛምያቲን ነው።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ አራት ተማሪዎች ነን። ለበዓሉ መታሰቢያ መጽሐፍ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን አንድ ዝነኛ ሰው መርጠን ታሪኩን እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ሁለታችን መሐንዲስ ይሁን አልን፤ ሁለታችን ደግሞ ደራሲ ይሁን አልን። ዛምያቲን ግን ሁለቱንም ስለ ነበረ ክርክሩ በዚያው አለቀ፤ ቢያንስ ያለቀ መስሎን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ዛምያቲን በ1884 ዓ.ም. በዶን ወንዝ ዳር በምትገኘው በለበድያን ከተማ ተወለደ። ለበድያን በፈረስ ገበያዋ የታወቀች ትንሽ የባላገር ከተማ ነበረች። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስና መምህር ነበሩ፤ እናቱ ፒያኖ መጫወት የሚችሉ ሙዚቀኛ ነበሩ። ልጁ የጨዋታ ጓደኛ አልነበረውም፤ እናቱ ፒያኖ ሲጫወቱ እርሱ ከፒያኖው ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ ነበር። ጎጎል የተባለውን የሩስያ ደራሲ እንደ ቅርብ ወዳጁ ይቈጥረው ነበር። እንዲህ ብቻውን ማደጉ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ማሰብን ሳያስለምደው አልቀረም።

ከዚህ በኋላ በቮሮኔዥ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1902 በወርቅ ሜዳልያ ጨረሰ። ሲሰናበትም አንድ የትምህርት ቤቱ ተቈጣጣሪ ከዚያው ትምህርት ቤት በሜዳልያ ወጥቶ በኋላ በጽሑፉ ምክንያት የታሰረ የአንድ ሰው መጽሐፍ አሳይተው፣ አንተም በዚህ መንገድ እንዳትሄድ ብለው መከሩት። ምክሩ ግን በልጁ ልብ አልገባም። ያን የወርቅ ሜዳልያ በፔተርስቡርግ በ25 ሩብል መያዣ አድርጎ አስያዘው፤ ከዚያም ወዲያ ሳያስመልሰው ቀረ።

በትምህርት ቤት ሳለ ድርሰት ይቀለው ነበር፤ ሒሳብ ግን አንዳንድ ጊዜ ያስቸግረው ነበር። እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን የቀለለውን ይዞ ይሄድ ነበር። ዛምያቲን ግን በእልኸኛነቱ ከሁሉ ይልቅ ሒሳብ የበዛበትን ትምህርት መረጠ፤ በፔተርስቡርግ ፖሊቴክኒክ የመርከብ ሥራ ምሕንድስና ተማሪ ሆነ። ይህን ስንሰማ ሒሳብ የሚከብደን እኛም ጥቂት ተጽናናን፤ ጥቂትም አፈርን።

በዚያን ዘመን ሩስያን የሚገዛው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላ ሁለተኛ ነበረ። ተማሪዎችና ሠራተኞች በአገዛዙ ላይ ተነሥተው ነበርና ዛምያቲንም ከቦልሼቪኮች ጋራ ተባበረ። በ1905 የበጋ ወራት ለመርከብ ልምምድ ወደ ኢስታንቡል፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ያፋና ወደ እስክንድርያ ተጕዞ ሲመለስ፣ ፖተምኪን የተባለው የጦር መርከብ ባሕረኞች ያመፁበትን ጊዜ በኦዴሳ ወደብ አየ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ተይዞ ለብቻው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለወራት ታሰረ። በእስር ቤቱም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ የአጭር ጽሕፈትና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማረ። በ1906 የጸደይ ወራት ተፈቶ ወደ ትውልድ አገሩ እንዲመለስ ቢታዘዝም፣ በስውር ወደ ፔተርስቡርግ ገብቶ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1908 መሐንዲስ ሆኖ ተመረቀ፤ የመጀመሪያ ታሪኩም በዚያው ዓመት ታተመ። እንግዲህ አንድ ዓመት ሁለት ሙያ ሰጠው።

መንግሥት ግን አልረሳውም። በ1911 እንደገና ከከተማው እንዲወጣ ተደረገ፤ እስከ 1913ም ድረስ ከከተማው ውጭ ተግዞ ተቀመጠ። በዚያ ጸጥታ መካከል ስለ ባላገር ከተማ ኑሮ የጻፈው ረጅም ታሪክ በ1913 ታትሞ ስሙን አስጠራ። በ1914 ደግሞ በሩቅ ምሥራቅ ስለሚኖሩ ወታደሮች ክፉ ኑሮ በመጻፉ፣ ታሪኩ የወጣበት መጽሔት ተወረሰ፤ ደራሲውም ፍርድ ቤት ቀረበ። ከዚህ የምንረዳው፣ ዛምያቲን በኋላ በሌላ መንግሥት ዘመን ያገኘው መከራ የመጀመሪያው አለመሆኑን ነው። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ እርሱ ግን ያው ነበረ።

በ1916 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የሩስያ መንግሥት በእንግሊዝ አገር በረዶ ሰባሪ መርከቦች ያሠራ ነበርና፣ ሥራውን እንዲቈጣጠር ዛምያቲን ወደ ኒውካስል ከተማ ተላከ። በአገራችን የሚቀዘቅዝ ባሕር ስለሌለ ስለዚህ መርከብ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሰሜን በኩል ባሕሩ በክረምት ይጋገርና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በረዶ ሰባሪ መርከብ አፍንጫው ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ በረዶውን ፊት ለፊት እንደ ጦር አይወጋውም፤ በላዩ ላይ ይወጣና በክብደቱ ይሰብረዋል። እንዲህ እያደረገ ሲሄድ ከኋላው ውሃ የሞላበት መንገድ ይከፈታል፤ ሌሎችም መርከቦች ያን መንገድ ተከትለው ያልፋሉ። ዛምያቲን ከሠራባቸው መርከቦች መካከል አሌክሳንድር ኔቭስኪና ስቪያቶጎር የሚባሉት ይገኙባቸዋል። ከአብዮቱ በኋላ የመጀመሪያው ሌኒን፣ ሁለተኛው ክራሲን ተብለው ተሰየሙ።

በኒውካስል ቀን ቀን ከብረትና ከሥዕለ ንድፍ ጋራ ሲታገል ይውላል፤ ማታ ማታ ደግሞ ይጽፋል። ከዚያ ኑሮው የወጣው የደሴት ሰዎች የተባለው ታሪክ በ1918 ታተመ። በታሪኩ ውስጥ ለሁሉ ነገር የሰዓት ሰሌዳ ያወጣ አንድ የእንግሊዝ ቄስ አለ። የመብል ሰዓት አለው፤ የንስሓ ቀን አለው፤ የምጽዋት ቀን አለው። ሰውን ሁሉ በግድ ማዳን ይገባል የሚል መጽሐፍም ያዘጋጃል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ብዙ ሰዎች ዛምያቲን የጻፈው በኮሙኒስቶች ላይ ብቻ ነው ይላሉ። ነገር ግን ሰውን እንደ ሰዓት መዘውር የማድረግን አሳብ አስቀድሞ ያየው በእንግሊዝ አገር፣ ሥርዓትን ከሚወዱ ጨዋ ሰዎች ዘንድ ነው። በሽታው የአንድ አገር ብቻ እንዳይደለ ገና ያን ጊዜ ዐውቆት ነበር።

በ1917 በመስከረም ወር ወደ ሩስያ ተመለሰ፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ቦልሼቪኮች ሥልጣን ያዙ። ዘመኑ የጦርነት፣ የረኃብና የብርድ ዘመን ነበረ። ቢሆንም ዛምያቲን በፔትሮግራድ ከደራሲው ከማክሲም ጎርኪ ጋራ የዓለምን ታላላቅ መጻሕፍት ወደ ሩስያ ቋንቋ ለሚያስተረጕመው ማተሚያ ድርጅት ይሠራ ነበር። በኪነ ጥበብ ቤትም ለወጣት ደራስያን የድርሰትን ሥራ ያስተምር ነበር፤ በፖሊቴክኒኩም የመርከብ ሥራ መምህር ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ጕዳይ የሚጠቅመው፣ የእንግሊዛዊውን የኤች ጂ ዌልስን መጻሕፍት ለሩስያ አንባብያን ማዘጋጀቱና ስለ እርሱም መጽሐፍ መጻፉ ነው። ዌልስ ስለ ዘመን መኪናና ከማርስ ስለሚመጡ ጠላቶች የጻፈ ዝነኛ ደራሲ ነው። ዛምያቲን ከእርሱ የተገነዘበው የሳይንስ ልብ ወለድ ስለ መጪው ዘመን እያወራ የዛሬውን ዘመን የሚመረምር መሆኑን ነው። በእኛ አገር ቅኔ እንደ ሰምና ወርቅ ማለት ነው፤ ሰሙ የሩቅ ዘመን ተረት ሲሆን ወርቁ የዛሬው ሰው ነው።

የዚያ ዘመን ወርቅ ምን ነበረ? በአሜሪካ ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለ መሐንዲስ የሠራተኛን እጅ እንቅስቃሴ በሰዓት እየለካ፣ ትርፍ እንቅስቃሴን አስወግዶ ሥራን የሚያፋጥን ዘዴ አውጥቶ ነበር። መጽሐፉም በ1911 ታተመ። ይህ ዘዴ በአዲሲቱ ሩስያም ብዙ ወዳጆች አገኘ። አሌክሴይ ጋስተቭ የሚባል ብረት ሠራተኛና ባለ ቅኔ በ1920 በሞስኮ የሥራን ዘዴ የሚያጠና ተቋም መሠረተ፤ ከዚያም በፊት የወደፊቱ ሠራተኛ በስም ሳይሆን በፊደልና በቍጥር ሊጠራ እንደሚችል ጽፎ ነበር። እርሱ ይህን እንደ መልካም ተስፋ ያየው ነበር። የሚያሳዝነው፣ ያው መንግሥት በ1938 ጋስተቭን ራሱን አስሮ በ1939 በጥይት ገደለው። ሰውን በቍጥር የሚተካ አሠራር ለደጋፊዎቹም አይራራም።

ዛምያቲን በ1920ና በ1921 መካከል ስመ ጥሩውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ ርእሱም እኛ የሚል ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ከፈጀ ጦርነት የተረፉት ሰዎች በአንድ መንግሥት ሥር፣ በአረንጓዴ ግንብ በታጠረ ከተማ ይኖራሉ። ስም የላቸውም፤ ፊደልና ቍጥር እንጂ። ወንዶቹ ጎዶሎ ቍጥር፣ ሴቶቹ ሙሉ ቍጥር አላቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፤ በአንድ ሰዓት ይነሣሉ፤ በአንድ ሰዓት ይበላሉ፤ አንዱን ጕርሻ 50 ጊዜ ማኘክ ግዴታቸው ነው። ቤታቸው የመስተዋት ግድግዳ ስላለው ጠባቂዎች ሁሉን ያያሉ። ለግል ጕዳይ የተፈቀደላቸው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የሚገዛቸው በጎ አድራጊ የሚባለው ነው፤ በየዓመቱም በአንድ ድምፅ ይመርጡታል።

የታሪኩ ተናጋሪ ዲ-503 የሚባል መሐንዲስ ነው። እንደ ዛምያቲን መርከብ ሠሪ ነው፤ የሚሠራው መርከብ ግን የአንድ መንግሥትን ሥርዓት ወደ ሌሎች ዓለማት ይዞ የሚበር ነው። ዲ-503 በኑሮው ይደሰታል፤ በሒሳብም ያምናል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የነጌቲቭ አንድ ስኩዌር ሩት ነው። ይህ ቍጥር በጣት አይቈጠርም፤ ነገር ግን በሒሳብ ውስጥ መኖሩ አይካድም። ሁሉም ነገር በግልጥ ተቈጥሮ እንዲያልቅ ለሚመኝ ሰው ይህ እንደ እሾህ ነው። በሰውም ውስጥ እንዲህ ያለ የማይቈጠር ነገር እንዳለ ዲ-503 የተረዳው አይ-330 የምትባለውን ሴት በወደደ ጊዜ ነው። እርስዋ ከግንቡ ውጭ ከሚኖሩ ነጻ ሰዎች ጋራ የተባበረች ዐመፀኛ ነች። የመጨረሻውን ቍጥር ንገረኝ ብላ ትጠይቀዋለች፤ ቍጥር መጨረሻ እንደሌለው ሲነግራት፣ እንግዲያውስ የመጨረሻ አብዮትም የለም ትለዋለች።

ፍጻሜው ያሳዝናል። መንግሥት የዐመፅ ሁሉ ምንጭ የሰው ምናብ መሆኑን ደረስሁበት ብሎ፣ ያን የአንጎል ክፍል በጨረር የሚያጠፋ ቀዶ ሕክምና ለሁሉ ያዝዛል። ዲ-503 ተይዞ ሕክምናው ይደረግለታል። ከዚያ በኋላ የሚወዳት ሴት ስትሠቃይ ተቀምጦ ያያል፤ ምንም አይሰማውም። ሆኖም ደራሲው አንዲት ቀዳዳ ትቶልናል። ኦ-90 የምትባል ሌላ ሴት ያልተፈቀደላትን ፅንስ ይዛ ከግንቡ ውጭ አምልጣለች። ልጅዋ ያለ ቍጥር ይወለዳል ማለት ነው።

አንዳንድ አንባብያን ይህን ሲሰሙ፣ ዛምያቲን መኪናንና ሳይንስን የሚጠላ ሰው ነበረ ብለው ያስቡ ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ዕድሜውን ከመርከብና ከሞተር ጋራ ያሳለፈ ሰው መኪናን እንዴት ይጠላል? እርሱ የፈራው ሰው እንደ መኪና ልሁን ብሎ የሚመኝበትን ቀን ነው። በኋላም ስለ መጽሐፉ ሲያስረዳ፣ የመኪና ኃይልና የመንግሥት ኃይል ሁለቱም ከልክ ሲያልፉ ለሰው አደጋ መሆናቸውን ለማስጠንቀቅ እንደ ጻፈው ተናግሯል። በረዶ ሰባሪው መርከብና የዲ-503 መርከብ ሁለቱም የምሕንድስና ሥራ ናቸው። አንደኛው ለሌሎች መንገድ ይከፍታል፤ ሁለተኛው ለሌሎች ግንብ ይዞ ይሄዳል። ልዩነታቸው ከተላኩበት ዓላማ ነው እንጂ ከብረታቸው አይደለም።

መጽሐፉ በሩስያ እንዲታተም አልተፈቀደለትም። ዛምያቲን ግን ዝም አላለም፤ በ1921 ባወጣው ጽሑፍ፣ እውነተኛ ሥነ ጽሑፍ ከታዛዥ ጸሐፊዎች ሳይሆን ከሕልመኞችና ከእንቢተኞች እንደሚወለድ ገለጠ። በ1922 ተይዞ ታሰረ። የገባበትም እስር ቤት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የታሰረበት ያው እስር ቤት ነበረ። ከብዙ ምሁራን ጋራ ከአገር እንዲባረር ተወስኖበት ሳለ፣ ወዳጆቹ ስለ ለመኑለት ተፈቶ በአገሩ ቀረ። እኛ የተባለው መጽሐፍ በ1924 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በኒውዮርክ ታተመ፤ በ1927 ደግሞ ከፊሉ በሩስያ ቋንቋ በፕራግ በሚወጣ የስደተኞች መጽሔት ታየ።

በ1928 አንድ አስደናቂ ነገር ሆነ። የኢጣልያ ሰው ኡምቤርቶ ኖቢሌ ኢታልያ በተባለ የአየር መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ሄዶ ሲመለስ በበረዶው ላይ ወደቀ። ከተረፉት ሰዎች ብዙዎቹን ያዳነው ዛምያቲን በኒውካስል የሠራበት ክራሲን መርከብ ነበረ። መርከቡ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ተመሰገነ፤ የሶቪየት መንግሥትም ኰራበት። በሚቀጥለው ዓመት በ1929 ግን ያው መንግሥት ጋዜጦቹን በመርከብ ሠሪው ላይ አስነሣ። መጽሐፉ በውጭ አገር ታተመ ተብሎ በየስብሰባው ተወገዘ። ብዙ ደራስያን እጃቸውን አንሥተው ኰነኑት፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ መጽሐፉን ያላነበቡ ነበሩ። እርሱም ከደራስያን ማኅበር በገዛ ፈቃዱ ወጣ። ተውኔቶቹ ከመድረክ ወረዱ፤ መጻሕፍቱ ከየቤተ መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ለማተም የሚደፍር ጠፋ።

በ1931 በሰኔ ወር ዛምያቲን ለስታሊን ደብዳቤ ጻፈ። ይቅርታ አልለመነም፤ ስሕተቱንም አላመነም። ለደራሲ መጻፍን መከልከል የሞት ፍርድ መሆኑን ገልጦ፣ ይህ ፍርድ ከአገር በመውጣት እንዲለወጥለት ጠየቀ። በሥነ ጽሑፍ በኩል ለትንንሽ ሰዎች ሳይሰግዱ ታላላቅ አሳቦችን ማገልገል የሚቻልበት ቀን ሲመጣ ለመመለስ እንደሚፈልግም አመለከተ። ብዙ ሰዎች ከዚህ ባነሰ ነገር ሞተዋል። ዛምያቲንን ግን ጎርኪ ስለ ረዳው ፈቃድ አገኘ፤ በ1931 በኅዳር ወር ከሚስቱ ከሉድሚላ ጋራ ከአገሩ ወጣ።

በ1932 መጀመሪያ ፓሪስ ደረሰ። በዚያም ኑሮው የድኻ ኑሮ ነበረ። የሶቪየት ፓስፖርቱን አልጣለም፤ ከስደተኞቹም የፖለቲካ ማኅበር አልገባም። ቦልሼቪክ ቢያወግዘው ስደተኛው ወገን ይሁን አላለም፤ እዚያም ቢሆን ለብቻው ቆመ። ከጎርኪ ተውኔት ተወስዶ ዣን ርኖዋር ለሠራው ለ1936ቱ ፊልም ጽሑፉን በማዘጋጀት ተካፈለ። በ1937 በመጋቢት ወር በልብ በሽታ በ53 ዓመቱ ሞተ፤ ከፓሪስ በስተ ደቡብ በሚገኘው በትየ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ሰውዬው ቢሞት መጽሐፉ አልሞተም። የእንግሊዝ ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል መጽሐፉን በፈረንሳይኛ አንብቦ በ1946 ስለ እርሱ በጋዜጣ ጻፈ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 1984 የተባለውን የራሱን ልብ ወለድ አወጣ። ሙሉው የሩስያ ቋንቋ ጽሑፍ በ1952 በኒውዮርክ ታተመ፤ በገዛ አገሩ ግን የታተመው በ1988 ነው። ደራሲው ከሞተ 51 ዓመት ሆኖ ነበር። ክራሲን መርከብ ደግሞ ዛሬ በሴንት ፔተርስቡርግ ቤተ መዘክር ሆኖ ቆሟል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይነግረናል? እኛም የደንብ ልብስ እንለብሳለን፤ በደወል እንገባለን፣ በደወል እንወጣለን፤ በፈተና ወረቀት ላይ በስማችን ፈንታ ቍጥር እንጽፋለን። ስለዚህ የእኛ ትምህርት ቤት የዛምያቲን ከተማ ነው ማለታችን አይደለም። የደንብ ልብሱ የድኻውንና የሀብታሙን ልጅ በአንድ ወንበር ያስቀምጣል፤ ቍጥሩም ፈታኙ እንዳያዳላ ይጠብቃል። ደወሉ እኛን እስካገለገለ ድረስ መልካም ነው፤ እኛ ደወሉን ማገልገል የጀመርን ዕለት ግን መጠንቀቅ ይገባናል። ይልቁንም ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ የት እንደ ዋልን፣ ምን እንዳነበብን፣ ማንን እንዳነጋገርን ሊመዘግብ ይችላል። የዛምያቲን ሰዎች የመስተዋት ቤት የሠራላቸው መንግሥት ነበረ፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የራሳችንን መስተዋት ቤት ራሳችን እንሠራለን፤ ጓደኞቻችን የወደዱትን እንወዳለን፣ የሰደቡትንም ሳናጣራ እንሰድባለን። በ1929 ያላነበቡትን መጽሐፍ የኰነኑት ሰዎች ከእኛ የራቁ አይደሉም።

በመጨረሻ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ከላይ ክርክራችን አለቀ ብለን ነበር፤ ስንጽፍ ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። ሦስታችን ዛምያቲን አገሩን ትቶ መውጣቱ ትክክል ነበረ እንላለን፤ ብዕሩን ለማዳን ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ቢቀር ኖሮ እንደ ብዙዎቹ ይጠፋ ነበር። አራተኛዋ ጓደኛችን ግን አልተስማማችም። ዛምያቲን ከወጣ በኋላ እኛን የሚያኽል መጽሐፍ አልጻፈም፤ ያስተማራቸው ወጣት ደራስያን በዚያ ቀርተዋል፤ ስለዚህ ቢቀር ይሻል ነበር ትላለች። ሦስት ለአንድ ነን ብለን አሳቧን ለመሰረዝ ሞክረን ነበር። እስክሪብቶውን ካነሣን በኋላ ግን የምንጽፈው ስለ ማን እንደ ሆነ ትዝ አለንና አፈርን። ስለዚህ የእርስዋም አሳብ ከእኛው አሳብ አጠገብ እንዲህ ታትሟል። አንባብያን ሁለቱን መርምረው ይፍረዱ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን እኛ ማለትን አስተምሮናል፤ ስለዚህም እናመሰግነዋለን። ይህን በዓል የሚያከብሩት ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም፣ እኛ ስንል በውስጡ እኔ የሚል የብዙ ሰው ድምፅ እንዳለበት እንዲሰሙልን በትሕትና እንለምናለን።